ከሐዘን የበቀለ የልጆች መጫወቻ

የጦርነት ነገር ሲነሣ በአብዛኞቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ግንባሩ ነው። ምሽጉ፣ መድፉ፣ ታንኩና በጭስ የተሸፈነው ሜዳ ይታየናል። የሚሞተውም ሰው ከጠላቱ ጋር ፊት ለፊት ገጥሞ የወደቀ ወታደር ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን የጦርነትን ሒሳብ በሚገባ ለመረመረ ሰው፣ አንድም ጥይት ሳይተኮስባቸው፣ ጠላትም በአቅራቢያቸው ሳይኖር ያለቁት ሰዎች ቁጥር እጅግ ብዙ ሆኖ ይገኛል። አንዱ ለጦርነቱ ሲሠለጥን ይሞታል። ሌላው የጦር መሣሪያ ሲጠግንና ሲሞክር ይሞታል። ከሁሉም የሚያሳዝነው ደግሞ ደብተሩን ይዞ በክፍሉ እንደተቀመጠ የሚሞተው ነው።

እንዲህ ያሉት ሟቾች በታላላቅ አደባባዮች የሚቆም የድል ሐውልት አይደርሳቸውም። የእነርሱ መታሰቢያ ብዙውን ጊዜ በገጠር መንገድ ዳር፣ በእርሻ ጥግ ወይም በመንደር ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የሚገኝ አነስተኛ ድንጋይ ነው። መንገደኛው አይቶት ያልፋል። ቆም ብሎ ያነበበው ግን ከድንጋዩ ጀርባ የአንድ መንደር፣ የአንድ ቤት፣ የአንዲት እናት ታሪክ ያገኛል። ለውድ እናቶችና ሠራተኞች አንባቢዎቻችን ዛሬ የምናቀርበው በእንግሊዝ አገር ከሚገኙ እንዲህ ካሉ መታሰቢያዎች የሁለቱን ታሪክ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲል እንጠይቃለን።

ሳይዋጉ ያለቁት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከባድ ቦምብ ጣይ አይሮፕላን ማብረር የሚማሩት ወጣቶች አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት እምብዛም ያልራቀ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተማሪዎች፣ ገበሬዎች፣ የሱቅና የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች የነበሩ ናቸው። ጦርነቱ ስለሚያጣድፍ በጥቂት ወራት ውስጥ ከትንሽ የማስተማሪያ አይሮፕላን ተነሥተው ሁለትና አራት ሞተር ወዳለው ትልቅ አይሮፕላን ይሸጋገራሉ። በሌሊት፣ በጉምና በበረዶ መብረርን ይለማመዳሉ። ለልምምድ የሚሰጧቸው አይሮፕላኖች ደግሞ ብዙውን ጊዜ በውጊያ ያረጁና የደከሙት ነበሩ።

ከዚህም የተነሣ ጉዳቱ እጅግ ከባድ ሆነ። የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ አየር ኃይል በጦርነቱ ዘመን ከ55 ሺህ በላይ ሰዎች ሞተውበታል። ከእነዚህ ውስጥ ከ8 ሺህ በላይ የሚሆኑት የሞቱት በልምምድና ከውጊያ ውጭ በተደረጉ ሌሎች በረራዎች ነው። በአሜሪካም ምድር ላይ፣ ወደ ጦር ሜዳ ሳይሻገሩ፣ በአይሮፕላን አደጋ ያለቁት የአየር ኃይሉ ባልደረቦች ቁጥር ወደ 15 ሺህ ይጠጋል።

እስቲ ይህን በእናት ዓይን እንመልከተው። ልጇ ወደ ጦር ግንባር የዘመተባት እናት ቀንና ሌሊት ትጨነቃለች። ልጇ ገና በማሠልጠኛ ያለባት እናት ግን «እስካሁን ደኅና ነው፣ አልዘመተም» እያለች ትጽናናለች። እነዚያ በሺህ የሚቆጠሩ መርዶዎች የደረሷቸው እንዲህ እየተጽናኑ ላሉት እናቶች ነበር።

የቀበሮዋ ዱካ

በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሽየር ግዛት፣ በክደን ፓይክ የሚባል ተራራ አለ። በተራራው ላይ አንድ የመታሰቢያ መስቀል ቆሟል። ቀረብ ብሎ የተመለከተው ሰው አንድ እንግዳ ነገር ያስተውላል። በመስቀሉ ሥር ከነሐስ የተሠራ የቀበሮ ራስ ይታያል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥር ወር 1942 ስድስት ፖላንዳውያን የተሳፈሩበት ዌሊንግተን የተባለ ቦምብ ጣይ አይሮፕላን ለልምምድ ተነሣ። ሰዎቹ አገራቸው በ1939 በጀርመን ጦር ስትወረር ተሰደው እንግሊዝ የገቡ ነበሩ። አይሮፕላኑ በበረዶ ማዕበል ውስጥ መንገዱን ስቶ ከተራራው ጋር ተላተመ። የኋላ መትረየስ ተኳሹ ጆ ፉስኒያክ ብቻ በመጨረሻ በሕይወት ተረፈ። እግሩ ተሰብሮ ነበር። በረዶው ዓይን ስለሚጋርድ ወዴት መሄድ እንዳለበት ማወቅ አልቻለም።

በዚህ ጊዜ በበረዶው ላይ የቀበሮ ዱካ አየ። በእንዲህ ያለ ብርድ የተራበች ቀበሮ የምትሄደው ምግብ ወዳለበት፣ ማለትም ሰው ወዳለበት ነው ብሎ አሰበ። ዱካውን ተከትሎ እየዳኸ ቁልቁል ወረደ። በመጨረሻም ክሬይ ከምትባል ትንሽ መንደር ደረሰ፤ የመንደሩም ሰዎች አንሥተው አስገቡት።

ፉስኒያክ በሕይወት ኖሮ፣ ከአደጋው 31 ዓመት በኋላ፣ በ1973 ለአምስቱ ጓደኞቹ ያንን መስቀል አቆመ። ሕይወቱን ያተረፈችለትን ቀበሮ ሳይረሳ የራሷን ምስል በመስቀሉ ሥር አኖረ። ጓደኞቹ ሲሞቱ አገራቸው በወረራ ሥር ስለነበረች ከቤተሰባቸው መጥቶ አፈር የሚያለብሳቸው፣ ቆሞ የሚያለቅስላቸው አልነበረም። መስቀሉ የቆመው እናቶቻቸው ሊቆሙበት ባልቻሉት ቦታ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ የወታደሮች ታሪክ ነው። የሚቀጥለው ግን ወደ ትምህርት ቤት ይወስደናል።

የፍሬክልተን ማለዳ

በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በላንክሽየር ግዛት፣ ሪብል የተባለው ወንዝ ወደ ባሕር ከሚገባበት አጠገብ ፍሬክልተን የምትባል መንደር አለች። በጦርነቱ ዘመን አጠገቧ ባለው በዋርተን የአሜሪካ አየር ኃይል ትልቅ የአይሮፕላን ጥገና ጣቢያ አቋቁሞ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ አሜሪካውያን መካኒኮችና ቴክኒሻኖች እዚያ ይሠሩ ነበር። ከውጊያ በፊትና በኋላ የሚመጡ አይሮፕላኖች እዚያ ይጠገናሉ፣ ይታደሳሉ፤ ከዚያም በሙከራ በረራ ተፈትሸው ወደ ጦር ክፍላቸው ይላካሉ። የመንደሩ ሕዝብና እንግዶቹ ተላምደው ነበር። የመንደሩ ልጆችም ከአሜሪካውያኑ ከረሜላና ማስቲካ መቀበል ለምደው ነበር።

ከሚጠገኑት አይሮፕላኖች አንዱ ዓይነት ቢ 24 ሊበሬተር ይባላል። ሊበሬተር ማለት ነፃ አውጪ ማለት ነው። አራት ሞተር ያለው፣ ከክንፍ እስከ ክንፍ ከ33 ሜትር በላይ የሚረዝም አይሮፕላን ነው። በጦርነቱ ዘመን ከ18 ሺህ በላይ ተሠርቷል። ይህን አይሮፕላን በመሥራት የሴቶች ድርሻ ቀላል አልነበረም። በአሜሪካ ሚሺጋን በሚገኘው የዊሎ ረን ፋብሪካ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ሪቬት የሚባለውን የብረት ምስማር በመምታትና ሽቦ በመዘርጋት ይሠሩ ነበር። በአንድ ቢ 24 ላይ ከ300 ሺህ በላይ ሪቬት ይመታል። ሥራው በደረጀበት ጊዜ ፋብሪካው በየሰዓቱ አንድ አይሮፕላን ያወጣ ነበር። እነዚያ ሴቶች የሚሠሩት ልጆቻቸውና ባሎቻቸው ቶሎ እንዲመለሱላቸው ነበር። ከዚያ ዓይነት አይሮፕላን አንዱ የሌሎች እናቶችን ልጆች ይፈጃል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ቀኑ ረቡዕ፣ ነሐሴ 23 ቀን 1944 ነው። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 17 ቀን 1936 ዓ.ም.፣ የፍልሰታ ጾም በተፈታ ማግስት መሆኑ ነው። በፍሬክልተን የቅድስት ሥላሴ ትምህርት ቤት አዲሱ የትምህርት ዘመን ከተጀመረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነበር። በሕፃናቱ ክፍል የተቀመጡት ልጆች ከ4 እስከ 6 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ነበሩ። ከእነርሱም መካከል ከደቡብ እንግሊዝ የመጡ ይገኙባቸዋል። ከዚያው ዓመት ከሰኔ ወር ጀምሮ ጀርመኖች ቪ 1 የተባለውን በራሪ ቦምብ ወደ ለንደን ይልኩ ስለነበር፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ከአደጋ ለማራቅ ወደ ሰሜን መንደሮች ይሰዱ ነበር። ለእነዚህ ልጆች ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ሁለት የታደሱ ሊበሬተሮች ከዋርተን ለሙከራ ተነሡ። አንደኛውን የሚያበረው ሌተናንት ጆን ብሎመንዳል ሲሆን፣ አብረውት ሁለት ባልደረቦቹ ተሳፍረው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከባድ ማዕበል መጣ። ሰማዩ በቀን ጨለመ፤ መብረቅና ነጎድጓድ ሆነ፤ ነፋሱ በሰዓት ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነበር። በአካባቢው ባሉት በብላክፑልና በሳውዝፖርት ከተሞች ጎርፍ ደረሰ። ሁለቱም አይሮፕላኖች እንዲመለሱ ታዘዙ። ሁለተኛው አብራሪ ማረፍ እንደማይቻል ተረድቶ ወደ ሰሜን በመሸሽ ከማዕበሉ ወጣና ዳነ። የብሎመንዳል አይሮፕላን ግን ለማረፍ ዝቅ ብሎ ሳለ ሚዛኑን ስቶ በአንድ ጎኑ አዘነበለ። ክንፉ ዛፍና ቤት እየመታ ተቆረጠ። አካሉ መሬት ለመሬት እየተንሸራተተ ሦስት ቤቶችንና ወታደሮች ሻይና ቁርስ የሚያገኙበትን ሳድ ሳክ የተባለ ትንሽ ምግብ ቤት ደመሰሰ። ከዚያም የመንደሩን ዋና መንገድ ተሻግሮ ከትምህርት ቤቱ የሕፃናት ክፍል ላይ ወደቀ። ከተሰነጠቁት ጋኖች የፈሰሰው ቤንዚን ተቀጣጠለ።

በአንዱ ክፍል የነበረው የግድግዳ ሰዓት 4 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ላይ ቆሞ ተገኘ።

61 ሰው

የመንደሩ ሰዎችና ከዋርተን ጣቢያ የሮጡት አሜሪካውያን በእጃቸው ፍርስራሹን እየቆፈሩ ሕፃናቱን ለማውጣት ታገሉ። የትልልቆቹ ልጆች ክፍል ስላልተመታ እነርሱ ወጥተው ተረፉ። ከሕፃናቱ ክፍል ግን በሕይወት የተገኙት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ እነርሱም ክፉኛ ተቃጥለዋል። በዚያ ማለዳ የሞቱት በጠቅላላው 61 ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ 38ቱ ሕፃናት ነበሩ። ሁለት ሴቶች መምህራንም ከልጆቻቸው ጋር አለቁ፤ አንደኛዋ በዚያ ትምህርት ቤት ገና አዲስ ተቀጣሪ ነበረች። በምግብ ቤቱ የነበሩ የአሜሪካና የእንግሊዝ አየር ኃይል ባልደረቦች፣ የመንደሩ ሰዎችና ሦስቱ የአይሮፕላኑ ተሳፋሪዎችም ሞተዋል።

የመንደሩ የሕፃናት ክፍል በአንድ ማለዳ ባዶ ሆነ። በአንድ መንደር የአንድ ዕድሜ ልጆች አብረው ማለቃቸው ምን ማለት እንደሆነ ለእናት ማስረዳት አያሻም። በየዓመቱ አንድ ክፍል ከፍ የሚሉ፣ አብረው የሚያድጉ፣ ኋላም የሚያገቡና የሚወልዱ ልጆች ከመንደሩ ሕይወት ተቆርጠው ወጡ። በሚቀጥሉት ዓመታት ወደ ሁለተኛ፣ ወደ ሦስተኛ ክፍል የሚያልፈው ተማሪ ቁጥር ክፍተቱን ይዞ ይሄድ ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ የቀብሩ ሥነ ሥርዓት ተፈጸመ። አብዛኞቹ ሕፃናት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ በአንድ የጋራ መቃብር አረፉ። ትንንሾቹን የሬሳ ሣጥኖች የተሸከሙት አሜሪካውያን የአየር ኃይል ባልደረቦች ነበሩ። ከአገራቸው ሲወጡ ልጆቻቸውንና ታናናሾቻቸውን ትተው የመጡ፣ ለመንደሩ ልጆች ከረሜላ ይሰጡ የነበሩ ሰዎች ናቸው። አይሮፕላኑን የጠገነው የእነርሱ ጣቢያ መሆኑም በልባቸው ከባድ ሸክም ሳይሆን አልቀረም።

በዚያው ሰሞን ዝነኛው አሜሪካዊ ዘፋኝ ቢንግ ክሮዝቢ ወታደሮቹን ለማዝናናት ወደ ዋርተን መጥቶ ነበር። በጣቢያው ሆስፒታል የተኙትን የቆሰሉ ሕፃናት ሊጠይቅ ገባ። ሲያያቸው ዕንባ ስለተናነቀው ከክፍሉ ወጥቶ ከበስተውጭ ሆኖ ዘፈነላቸው ይባላል።

ምርመራው የሰጠው ትምህርት

የአሜሪካ አየር ኃይል አደጋውን መርምሮ አይሮፕላኑ የወደቀበትን ትክክለኛ ምክንያት በእርግጠኝነት ለማወቅ እንዳልተቻለ ገለጸ። ሆኖም አብራሪው የማዕበሉን አደገኛነት ለማረፍ እስከ ዝቅ ባለበት ጊዜ ድረስ በሚገባ አልተገነዘበም የሚል ግምት አቀረበ። በተጨማሪም በአሜሪካ የሠለጠኑ አብራሪዎች የእንግሊዝን ዝናብ ተራ ካፊያ አድርገው ስለሚገምቱት፣ የዚያ አገር ማዕበል ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ተለይቶ እንዲነገራቸው አሳሰበ።

አገራችን «ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ» ይላል። የአንድን ቦታ ጠባይ የሚያውቀው እዚያ የኖረ ነው። ሥልጠና ማለትም መሣሪያውን ማወቅ ብቻ አይደለም። በፋብሪካም ሆነ በጋራዥ፣ በመኪናም ሆነ በአይሮፕላን የሚሠራ ሰው የሚሠራበትን ቦታ፣ የአየሩን ጠባይና በአካባቢው ማን እንዳለ ጭምር ማወቅ ይገባዋል። ከዋርተን ማኮብኮቢያ አጠገብ የሕፃናት ትምህርት ቤት ነበረ። በአንድ በኩል ከባድ መሣሪያ የሚሞከርበት ሥራ፣ በሌላ በኩል የሕፃናት ክፍል ጎን ለጎን ሲሆኑ ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ይህ ታሪክ ያሳያል።

ከድንጋይ ይልቅ መጫወቻ

አሜሪካውያኑ ከቀብሩ በኋላ መታሰቢያ ለማቆም ተነሡ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ለሟቾቹ የሚሆን የመቃብር መታሰቢያ ቆሟል። የጣቢያው ሰዎች ግን በዚህ ብቻ አልረኩም። ለተረፉትና ወደፊት ለሚወለዱት ልጆች የሚሆን የመታሰቢያ አትክልት ቦታና የልጆች መጫወቻ ለመሥራት ወሰኑ። ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ በገዛ ጉልበታቸው ሠሩት። ነሐሴ 20 ቀን 1945፣ አደጋው አንድ ዓመት ሊሞላው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ጃፓን እጅ መስጠቷ ከተነገረም ገና አምስት ቀን እንዳለፈው ተመርቆ ተከፈተ። በድንጋዩ ላይ የተጻፈው ቃል መጫወቻው ለፍሬክልተን ልጆች ከጎረቤቶቻቸው የተሰጠ፣ የጋራ ሐዘናቸውም መታሰቢያ መሆኑን ይገልጻል።

ሁለት ቃላት ልብ ሊባሉ ይገባል። አሜሪካውያኑ ራሳቸውን «ጎረቤት» አሉ። ሐዘኑንም «የጋራ» አሉት። «የእናንተ ሐዘን» አላሉም። እኛም በለቅሶ ቤት ገብተን «እግዜር ያጽናችሁ» ስንል ሐዘኑን የምንካፈለው ከዚህ በማይለይ ስሜት ነው።

እስቲ አንድ ጊዜ እናስብ። ልጇን የቀበረች እናት ከቤቷ ወጥታ በዚያ ሜዳ በኩል ስታልፍ የሌሎች ልጆች ጩኸትና ሳቅ ትሰማለች። መጀመሪያ ላይ ይህ ቁስሏን የሚነካ ነገር ነው። ሆኖም ያ ሳቅ የሚሰማው በእርሷ ልጅ ስም በተተከለ ቦታ ነው። ልጇ በሕይወት ኖሮ ሊጫወትበት ይገባ በነበረው ዕድሜ ሌላው ይጫወታል፤ የእርሷም ልጅ ስም ከጨዋታው አይለይም። መታሰቢያ ለሞተው ክብር ከመስጠት አልፎ ለሕያው የሚጠቅም ሲሆን ዋጋው እጥፍ ይሆናል።

ሆድ ይፍጀው ያሉት

ይሁን እንጂ መታሰቢያ መትከል ብቻውን ሐዘንን አያቀልም። ከአደጋው የተረፉት ልጆች አድገው፣ አርጅተው ከተናገሩት እንደምንረዳው፣ በፍሬክልተን ለብዙ ዓመታት ስለዚያ ማለዳ ማውራት እንደ ነውር ይታይ ነበር። እናት ለአባት አታነሣም። አባት ለልጅ አይነግርም። በትምህርት ቤትም አይወራም። ከፍርስራሹ የወጡት ልጆች ያዩትን ይዘው ዝም ብለው እንዲያድጉ ተደረገ። ሁሉም «ሆድ ይፍጀው» አለ።

ይህ የሆነው ከክፋት አይደለም። ጊዜው የጦርነት ነበር፤ በየቤቱ ሐዘን አለ፤ ልብን አጽንቶ ሥራን መቀጠል እንደ ጀግንነት ይቆጠራል። ልጇ የተረፈላት እናትም ልጇ በሞተባት ጎረቤቷ ፊት ስለ ልጇ ማንሣት ያሳፍራታል። የተረፈው ልጅም «እኔ ለምን ቀረሁ?» የሚል ጥያቄ ይዞ ያድጋል። ዝምታው ፍቅር መስሎ ይጀምራል፤ ኋላ ግን ግድግዳ ይሆናል።

በዚያን ጊዜ ለሟቾቹ መታሰቢያ ከሕዝብ ገንዘብ ተዋጥቶ ነበር። የታሰበው የመታሰቢያ አዳራሽ ተሠርቶ የተከፈተው ግን በ1977 ነው። በእነዚያ 33 ዓመታት የሕፃናቱ እኩዮች አግብተው፣ ወልደው፣ ልጆቻቸውም ትምህርት ቤት ገብተዋል።

በአገራችን ባህል ሐዘን የሚወጣበት የተዘረጋ መንገድ አለ። ድንኳን ይተከላል፤ እድርተኛው ይሰበሰባል፤ ለቅሶ ደራሹ ቀንና ሌሊት ይመላለሳል፤ ንፍሮ ይቀቀላል። ሥልስቱ፣ አርባው፣ ሰማኒያው፣ ሙት ዓመቱ አለ። ሴቶች የሟቹን ስም እየጠሩ፣ ሥራውን እያነሡ ያለቅሳሉ። ይህም «እርም ማውጣት» ይባላል። አንዳንድ ጊዜ ወጪው ከአቅም በላይ እየሆነ ቤተሰብን ዕዳ ውስጥ የሚከት መሆኑ እውነት ነው፤ ይህ ሊታረም ይገባዋል። ነገር ግን የባህሉ መሠረት ጥበብ ያለበት ነው። የሟቹ ስም ይጠራል፤ ሐዘንተኛው ብቻውን አይተውም። የፍሬክልተን እናቶች ያጡት ይህን ነው። ልጆቻቸውን ቀበሩ እንጂ እርማቸውን ሳያወጡ ብዙ ዓመት ኖሩ ማለት ይቻላል።

ከጊዜ በኋላ ግን ዝምታው ተሰበረ። የተረፉት ሰዎች በይፋ መናገር ጀመሩ። የመታሰቢያ ጸሎቱ ይደረጋል፤ 70ኛው ዓመት በ2014 ታስቧል። ያኔ ሕፃናት የነበሩት ሽማግሌዎች ሆነው በመቃብሩ ፊት የቆሙት የልጅነት ጓደኞቻቸውን ሊያስቡ ነው።

በቤታችን ውስጥስ?

አንባቢዎቻችን «ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም በየቤታችን ይገኛል።

እኛ ለአዋቂው ሰው እርም የምናወጣበት መንገድ ቢኖረንም፣ ለልጆቻችን ግን ብዙ ጊዜ እንደ ፍሬክልተን ሰዎች ነን። አባት ወይም አያት ወይም ታናሽ ወንድም ሲሞት ሕፃኑን ወደ ጎረቤት እንልከዋለን። ሲመለስ «ሩቅ አገር ሄዷል፣ ይመጣል» እንለዋለን። ልጁ በር በተንኳኳ ቁጥር ይጠብቃል። ሰው ሲያለቅስ ያያል፤ ለምን እንደሆነ ግን የሚነግረው የለም። ከዚያም አንድ ቀን ከጎረቤት ልጅ አፍ ይሰማዋል። ያን ጊዜ ሐዘኑ ሁለት ይሆንበታል። አንደኛው የሞተበት ሰው ነው። ሁለተኛው ደግሞ በእናቱ ላይ የነበረው እምነት ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው፣ ሐዘንም በልጅ ልብ ውስጥ ሲደበቅ ሌላ መልክ ይይዛል። አንዱ ልጅ ሌሊት ይባንናል። ሌላው ትምህርቱን ይጠላል። ሌላው ያለ ምክንያት ይቆጣል። ስለዚህ እናት ለልጇ በዕድሜው ልክ፣ በአጭርና ግልጽ ቃል እውነቱን ብትነግረው ይሻላል። «አያትህ ሞተዋል። ከእንግዲህ አይመለሱም። እኛም በጣም አዝነናል። ማልቀስ ትችላለህ» ብትለው ልጁ ይገባዋል። ደጋግሞ ቢጠይቅም መሰልቸት አይገባትም። መልሱን ሰምቶ ሳለ ደግሞ የሚጠይቀው ነገሩን በልቡ ለማስቀመጥ ነው።

ሌላም አለ። የሟቹ ስም ከቤት መጥፋት የለበትም። የሞተ ልጅ ያላት እናት «ስንት ልጅ አለሽ?» ስትባል የምትጨነቅበት ጊዜ ብዙ ነው። የሞተውን ብትቆጥር ሌላው ይደነግጣል፤ ባትቆጥር ደግሞ ልቧ ይወቅሳታል። ጎረቤትና ወዳጅ ሊያደርግላት የሚችለው ታላቅ ነገር የልጇን ስም ያለ ፍርሃት መጥራት ነው። «እገሌ እንዲህ ይል ነበር፣ ሲስቅ እንዲህ ነበር» ማለት ቁስል መቀስቀስ የሚመስላቸው አሉ። ቁስሉ ግን ተኝቶ አያውቅም። የሚያመው ልጇ እንዳልነበረ ሲቆጠር ነው።

በመጨረሻም የዋርተን ሠራተኞች ያደረጉትን እናስታውስ። በሐዘን ጊዜ የሚወጣው ገንዘብና ጉልበት ሁሉ በድግስና በድንጋይ ላይ ብቻ እንዲያልቅ ግድ አይደለም። በሟቹ ስም ዛፍ ይተከላል፤ ለተማሪዎች መጽሐፍ ይገዛል፤ በሰፈር የልጆች መጫወቻ ይጸዳል፤ የቦኖ ውሃ ይጠገናል። የእድር ማኅበሮቻችን ድንኳን፣ ወንበርና ዕቃ አላቸው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በአንድ ጥሪ የሚሰበሰብ የሰው ኃይል አላቸው። ያ ኃይል ለሞተው የሚውለውን ያህል ለሚያድገው ልጅም እንዲውል ማድረግ ይቻላል።

በከተሞቻችንም ሆነ በየመንገዱ ዳር ሐውልትና የመታሰቢያ ድንጋይ እናያለን። ከልጆቻችን ጋር ስናልፍ ልጁ እጃችንን ይዞ «ይህ ምንድን ነው?» ማለቱ አይቀርም። ቸኩለን «ምንም አይደለም፣ ና እንሂድ» ብለን አንጎትተው። ቆም ብለን ማን እንደሞተ፣ ለምን እንደሞተ፣ እናቱም ምን እንዳጣች እንንገረው። የፍሬክልተን ሕፃናት ስም የተጻፈው ተጠይቆ እንዲመለስ ነው። ልጅ ከጠየቀና እናት ከመለሰች ድንጋዩ ሥራውን ሠራ ማለት ነው።